ጨረሩን ያገኘው የፊዚክስ ምሩቅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ዝቅ ይላል)

ዛሬ የምናወራው በፊዚክስ ተመርቆ ዕውቀቱን ለመረጃና ለስለላ ሥራ ስላዋለ አንድ እንግሊዛዊ ነው። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

በሳይንስ የተመረቀ ወጣት የት ይቀጠራል ተብለው ቢጠየቁ ወላጆች የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። ወይ መምህር ይሆናል፣ ወይ ፋብሪካ ይገባል፣ ወይ ትምህርቱን ገፍቶ ተመራማሪ ይሆናል። የእንግሊዝ አየር ሚኒስቴር ግን በ1939 ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጠ። የ27 ዓመት የፊዚክስ ዶክተር የሆነ አንድ ወጣት ወስዶ በስለላ መሥሪያ ቤት ውስጥ መደበው። ሰውየው ሬጂናልድ ቪክተር ጆንስ ይባላል።

እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእንግሊዝ ስለላ የጠላትን ጦር ብዛት የሚቆጥሩ፣ የመርከቦቹን ጉዞ የሚከታተሉ፣ የሹማምንቱን ሐሳብ የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩት። ጀርመን በቤተ ሙከራዎቿ ምን እየሠራች እንደሆነ መርምሮ የሚረዳ ሳይንቲስት ግን አልነበረውም። አንድ ሰላይ ስለ እንግዳ መሣሪያ ወሬ ይዞ ቢመጣ፣ ወሬው እውነት ይሁን ቅዠት የሚለይለት አያገኝም። በሄንሪ ቲዛርድ ይመራ የነበረው የአየር መከላከያ የሳይንስ ኮሚቴ ይህን ጉድለት ካየ በኋላ ነው ጆንስ ለሥራው የተመረጠው። ጦርነቱ በፈነዳበት በሴፕቴምበር ወር ሥራውን ጀመረ።

ጆንስ የተወለደው በ1911 በደቡብ ለንደን፣ ሄርን ሂል በሚባል ሰፈር ነው። አባቱ የክብር ዘበኛ ጦር ሃምሳ አለቃ ነበሩ። በትምህርቱ ጎብዞ ኦክስፎርድ ገባ፤ በ1932 በፊዚክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፤ በ1934 ደግሞ ዶክትሬቱን ያዘ። ያጠናው ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር፣ ኢንፍራሬድ የሚባለውን ነው። አስተማሪው ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ሊንደማን ነበሩ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን። ከ1936 ጀምሮም በአየር ሚኒስቴር ሥር ሆኖ አውሮፕላንን በሞተሩ ሙቀት ከሩቅ ለማወቅ ይቻል እንደሆነ ሲመራመር ቆየ።

እንግዲህ ይህ ወጣት ስለ ስለላ የተማረው አንዳች ነገር አልነበረም። ይዞት የመጣው ከቤተ ሙከራ የለመደውን አንድ ጥያቄ ነው፤ «በምን አወቅህ?» የሚለውን። በስድስቱ የጦርነት ዓመታት የሠራውን ሁሉ ስመለከት፣ ትልልቆቹ ድሎቹ የተገኙት ይህን ጥያቄ ማንንም ሳይፈራ፣ የገዛ ራሱን ግምት እንኳ ሳይምር በመጠየቁ ይመስለኛል። የዛሬው ዝግጅታችንም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ወር፣ በኖቬምበር 1939፣ ኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ በሚገኘው የእንግሊዝ ኤምባሲ በኩል አንድ ጥቅል መጣ። ላኪው ስሙን አልጻፈም። በውስጡ በጀርመንኛ በታይፕ የተጻፉ ጥቂት ገጾችና አንዲት ትንሽ የመስተዋት ቱቦ ነበሩ። ጽሑፉ የማይነካው የጦር መሣሪያ የለም። ስለ ራዳር፣ ስለ ሮኬት ሙከራ፣ ስለ አዳዲስ ቶርፔዶዎች፣ አውሮፕላን ከመሬት የቱን ያህል እንደራቀ በሬዲዮ ስለሚለካበት ዘዴ፣ ሌላም ሌላም ይዘረዝራል። ቱቦዋ ደግሞ ወደ ዒላማው ሲጠጋ በራሱ ለሚፈነዳ ጥይት የተሠራች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነበረች።

እኛን የሬዲዮ ሰዎችን የሚማርክ ነገርም በታሪኩ ውስጥ አለ። ሰውየው ጥቅሉን ከመላኩ በፊት አንድ ማስታወሻ ልኮ ነበር። መረጃውን ትፈልጉት እንደሆነ የቢቢሲ የጀርመንኛ ዝግጅት መክፈቻ ላይ የሰላምታውን ቃል በዚህ መልኩ ለውጡ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እሰማለሁ ይላል። ቢቢሲም ቃሉን ለወጠ። ከጠላት አገር የመጣ አንድ ሰው በሬዲዮ ሰላምታ ብቻ መልስ አገኘ ማለት ነው።

ለንደን ውስጥ ግን ብዙዎች ወረቀቱን አላመኑትም። ክርክራቸውም ቀላል የሚባል አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ ምስጢር ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ጀርመኖች ሊያታልሉን የላኩት ነው አሉ። ጆንስ ወረቀቱን በጅምላ አላመነም፣ በጅምላም አልጣለም። ሊፈተን የሚችለውን ነጥሎ ፈተነ። ቱቦዋ በቤተ ሙከራ ስትታይ እንግሊዝ ካላት ሁሉ የተሻለች ሆና ተገኘች። ለማታለል ብሎ ምርጥ ዕቃውን ለጠላቱ የሚሰጥ ማን ነው? ጆንስ ወረቀቱን አስቀመጠ። በጦርነቱ ዘመን ሥራ ፋታ ሲሰጠው አውጥቶ እያየ፣ ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል ይገምትበት ነበር።

ላኪው ሃንስ ፈርዲናንድ ማየር የሚባል፣ የሲመንስ ኩባንያን የምርምር ክፍል ይመራ የነበረ ጀርመናዊ ፊዚሲስት ነው። ናዚን ስለሚጠላ ነው ይህን ያደረገው። በ1943 የቢቢሲን ዝግጅት በማዳመጡ ተከሶ ታሰረ፤ ማጎሪያ ካምፕ ገባ፤ ጀርመኖች ግን የኦስሎውን ወረቀት የላከው እሱ መሆኑን ሳያውቁ ጦርነቱ አበቃ። በሕይወትም ተረፈ። ማንነቱ በይፋ የተገለጸው በ1989 በጆንስ መጽሐፍ ነው፤ ማየር ያኔ በሕይወት አልነበረም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉም በላይ የማከብረው ሰው እሱ ነው።

(የሬዲዮ ምልክት ድምፅ፤ አጭር፣ አጭር፣ ከዚያም ረዥም)

አሁን ወደ 1940 እንሻገር። ፈረንሳይ ወድቃለች። የጀርመን ቦምብ ጣዮች ወደ እንግሊዝ ሰማይ መምጣታቸው የማይቀር ነው። በሌሊት፣ ደመና በሸፈነው ሰማይ፣ አንድ አብራሪ የሚደበድበውን ከተማ እንዴት ያገኛል? የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች በዚያ ዘመን የሚመሩት በኮከብና በካርታ ነበር፤ ጀርመኖችም ከዚህ የተሻለ ዘዴ ይኖራቸዋል ብሎ የገመተ እምብዛም አልነበረም።

ጆንስ ጋር ግን ቁርጥራጭ ወሬዎች መድረስ ጀመሩ። ተመትቶ በወደቀ ሃይንከል አውሮፕላን ውስጥ የተገኘች ብጣሽ ወረቀት «ክኒከባይን» የሚል ቃል ይዛለች። የተማረኩ አብራሪዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ የተሰማ ወሬ አለ። ከዚያም በጁን ወር በብሌችሊ ፓርክ ኤኒግማ የተባለውን የጀርመኖች ምስጢራዊ ኮድ የሚፈቱት ሰዎች አንዲት አጭር መልእክት አመጡ። ክኒከባይን ክሌቭ በ53 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ሰሜንና በ1 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ተስተካክሏል ትላለች። ነጥቡ በካርታ ሲታይ እንግሊዝ መሐል ላይ ነው። ክሌቭ ደግሞ በምዕራብ ጀርመን ጫፍ ያለች ከተማ ናት። ጆንስ ሁለቱን ነጥቦች አያይዞ አሰበ። ከክሌቭ ተነስቶ እንግሊዝ መሐል የሚደርስ የሬዲዮ ጨረር አለ፤ አውሮፕላኖቹ በዚያ ላይ ነው የሚበሩት አለ።

ጨረሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳችሁ። ለሬዲዮ አድማጭ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። አንድ አስተላላፊ ጎን ለጎን ሁለት ጨረሮች ይልካል። በግራ በኩል ያለው «ጢት፣ ጢት፣ ጢት» የሚል አጭር ድምፅ ነው እንበል፤ በቀኝ በኩል ያለው «ጢ...ት፣ ጢ...ት» የሚል ረዥም። የአንዱ ዝምታ በሌላው ድምፅ እንዲሞላ ተደርገው ስለተቀናጁ፣ ሁለቱ በሚደራረቡበት ጠባብ መስመር ላይ የሚሰማው አንድ ያልተቋረጠ ድምፅ ነው። አብራሪው ድምፁ ሲቆራረጥበት ከመስመሩ መውጣቱን ያውቃል፤ አጭር ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ረዥም ከሆነ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሁለተኛ ጨረር ይህን መስመር ዒላማው አናት ላይ ሲያቋርጠው ቦምቡን ይጥላል። መሬት ማየት፣ ኮከብ መቁጠር አያስፈልገውም።

ጀርመኖች ይህን የሚቀበሉት በምን መሣሪያ ነው? በወደቁት አውሮፕላኖች ውስጥ እንግዳ መሣሪያ አልተገኘም። ከምርኮኞቹ አንዱ ለእስር ቤት ጓደኛው፣ የቱንም ያህል ቢፈልጉ አያገኙትም ብሎ ሲስቅ ተሰማ። ጆንስ ይህን ሲሰማ ዕቃው ዓይናችን ሥር ነው ማለት ነው አለ። ከወደቁት አውሮፕላኖች ዕቃዎች መካከል በጭጋግ ወቅት ለማረፍ የሚረዳው ሎሬንዝ የሚባለው ተራ መቀበያ ነበር። ጆንስ መሣሪያውን ወደ መረመሩት የፋርንቦሮ ሰዎች ስልክ ደውሎ፣ በዚህ መቀበያ ላይ ያልተለመደ ነገር አይታችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። መርማሪው የለም አለና ቆይቶ፣ አሁን ስትጠይቀኝ ትዝ አለኝ፤ ለማረፊያ ከሚያስፈልገው በላይ እጅግ ንቁ ነው፣ ደካማ ሞገድ ሁሉ ይቀበላል አለው። ትክክለኛው ጥያቄ እስኪጠየቅ ድረስ መልሱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተኝቶ ነበር።

(ሙዚቃ)

ጁን 21 ቀን 1940 ጠዋት ጆንስ ቢሮው ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስብሰባ እንዲሄድ የሚል መልእክት አገኘ። ጓደኞቹ እየቀለዱበት መስሎት ነበር። እውነት መሆኑን አረጋግጦ ሲደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ቸርችል፣ ሚኒስትሮች፣ የአየር ኃይል አዛዦች፣ ቲዛርድና የቀድሞ አስተማሪው ሊንደማን ተቀምጠዋል። ገና የ28 ዓመት ዕድሜ የነበረው ወጣት የሚሉትን ሲያዳምጥ፣ ነገሩ ለብዙዎቹ በደንብ እንዳልገባቸው ተረዳ። ቸርችል አንድ ዝርዝር ጥያቄ ሲያቀርቡለት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ብነግርዎ ይሻላል ብሎ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ እያነሳ አስረዳ። ሲጨርስ ቸርችል ምን ይደረግ ብለው ጠየቁት። መጀመሪያ አውሮፕላን ልከን ጨረሩ በእርግጥ መኖሩን እንይ አለ።

በዚያን ሰሞን የኛም አገር ዕጣ ከዚያ ጦርነት ጋር ተሳስሮ ነበር። ጣሊያን ከጀርመን ጎን ቆማ ወደ ጦርነቱ ከገባች ሁለት ሳምንት አልሞላትም፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ከእንግሊዝ ስደታቸው ተነስተው በግብፅ በኩል ወደ ካርቱም ያመሩት ከዚህ ስብሰባ ጥቂት ቀናት በኋላ ነው።

የዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከጠዋቱ የባሰ ፈተና መጣ። በሬዲዮ ሞገድ ጉዞ ላይ በአገሪቱ ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ የሆነው የማርኮኒ ኩባንያው ቶማስ ኤከርስሊ፣ እንዲህ ያለ አጭር ሞገድ የመሬትን ክብነት ተከትሎ ይህን ያህል ርቀት አይደርስም አለ። ጆንስ በማስረጃነት የያዘው የራሱን የኤከርስሊን የቀድሞ ስሌት ነበር፤ ኤከርስሊ ግን ያንን ስሌት እኔም አላምንበትም አለ። እንግዲያው በረራው ለምን ይደረጋል የሚል ሐሳብ ተነሳ። ጆንስ በረራው የጠቅላይ ሚኒስትሩ ትእዛዝ መሆኑን አስታወሰና፣ የሚሰርዘው ማን እንደሆነ እንዲያውቁት አደርጋለሁ አለ። ዝም አሉ።

በሌሊቱ አንድ ትንሽ አንሰን አውሮፕላን ተነሳች። የተሳፈሩባት ሁለት የአየር ኃይል ሰዎች ከስፖልዲንግ ከተማ በስተደቡብ ጨረሩን አገኙት። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሲደርስ ስፋቱ ከ400 እስከ 500 ያርድ ብቻ ነበር፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሁለተኛውንም ጨረር አገኙ። የሁለቱ መገናኛ የተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር ወደሚሠራበት፣ ደርቢ ወደሚገኘው የሮልስ ሮይስ ፋብሪካ ያመለክት ነበር።

ክርክሩ በዚያ ሌሊት አበቃ። ሞገዱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ማፈን ነው። አፈናን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። እንግሊዞች መጀመሪያ ያገኙትን የሆስፒታል ማሽን ሳይቀር ለዚህ ተጠቀሙበት፤ ከዚያም ለሥራው ብለው በሠሯቸው አስተላላፊዎች ጨረሩን አደፈረሱት።

ይሁንና ድሉ የመጨረሻ አልነበረም። ጀርመኖች ኤክስ የሚሉትን የበለጠ ረቂቅ የጨረር ዘዴ አመጡ። እዚህ ላይ ነው ትንሽ የሚመስል ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የታየው። የማፈኛዎቹ ድምፅ የተስተካከለው በሰከንድ 1,500 ንዝረት ላይ ነበር። የጀርመኖቹ መቀበያ ግን ከ2,000 ውጭ ያለውን ቃና የሚያስቀር ማጣሪያ ነበረው። የማፈኛው ድምፅ አብራሪዎቹ ጆሮ አልደረሰም። ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ኮቨንትሪ ነደደች፤ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቸርችል የኮድ ምስጢር እንዳይወጣ ብለው ከተማዋን አውቀው አስመቷት የሚለውን ወሬ ምናልባት ሰምታችሁ ይሆናል። ጆንስ ይህን አልተቀበለም። የዚያን ዕለት ዒላማው የትኛው ከተማ እንደሆነ በጊዜው አለማወቁን ራሱ መስክሯል።

ስለ ዕድልም አንድ ነገር ልጨምር። ጀርመኖች ለሌላ ሦስተኛ ዘዴያቸው «ዎታን» የሚል ስም ሰጡት። ጆንስ ብሌችሊ ወዳለው የጀርመንኛ ፕሮፌሰር ደውሎ ዎታን ማን ነው ብሎ ጠየቀ። የጥንት ጀርመኖች አምላክ ነው፤ አንድ ዓይና ነው አለው። አንድ ዓይን፣ አንድ ጨረር! ጆንስ ወዲያው የኦስሎውን ወረቀት አስታወሰ፤ በአንድ ጨረር መርቶ ርቀትን በሬዲዮ የሚለካ ዘዴ እዚያ ተጽፏል። ግምቱ ትክክል ሆነ። ሆኖም ዎታን የሚለው ስም ብዙ ጨረር ላለው ለኤክስ ዘዴም የተሰጠ ነበር፤ ስለዚህ ስሙ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም ነበር። ያዳነው የኦስሎው ወረቀት ነው። ይህን ታሪክ እንደ ጥንቆላ የሚተርኩት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ስሙን እንደ ዕድል፣ ወረቀቱን እንደ ማስረጃ ለይቶ ማየት ይሻላል እላለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከዚያ በኋላ ትኩረቱ ወደ ጀርመን ራዳር ዞረ። አብሮት የሚሠራው ፊዚሲስት ቻርልስ ፍራንክ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ብሩኔቫል በተባለ ቦታ በተነሳ የአየር ፎቶ ላይ ነጥብ የምታክል ነገር አስተዋለ። አብራሪው ቶኒ ሂል ዝቅ ብሎ በርሮ ፎቶ አነሳት፤ ራዳር ሆና ተገኘች። በፌብሩዋሪ 1942 መጨረሻ የፓራሹት ወታደሮች በሌሊት ወርደው መሣሪያውን ፈታትተው በባሕር ይዘውት ተመለሱ። ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ይህም ዕውቀት ራዳርን የሚያሳውረውን የብረት ወረቀት ብጣሽ ከአውሮፕላን ለመበተን አገለገለ። ብጣሹ መጀመሪያ የተበተነው በጁላይ 1943 በሃምቡርግ ላይ ነው። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ብዙም ሳይጎዱ ተመለሱ። በተከታዮቹ ሌሊቶች በተነሳው የእሳት ማዕበል ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የከተማዋ ነዋሪዎች አለቁ። አንዱን ተናግሮ ሌላውን መዝለል አይገባም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ስም እንመለስ። በ1943 ሊንደማን ሎርድ ቸርዌል ከተባሉ ቆይተዋል፤ የቸርችል የቅርብ የሳይንስ አማካሪ ናቸው። ጀርመን በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በፔነሙንደ ታላቅ ሮኬት እየሠራች ነው የሚለውን ወሬ ማታለያ ነው ብለው አጣጣሉት። ምክንያትም ነበራቸው። የእንግሊዝ የሮኬት ሊቃውንት የሚያውቁት በደረቅ ባሩድ የሚሄደውን ብቻ ነው። በዚያ ስሌት ለንደን የሚደርስ ሮኬት 80 ቶን የሚያህል መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ የማይመስል ነገር ነው። እኛ የማንችለውን ጠላትም አይችልም የሚል ሐሳብ በስሌት ተሸፍኖ የገባው በዚህ በኩል ነው።

ጆንስ በጁን 1943 ከፔነሙንደ በተነሳ ፎቶ ላይ በባቡር ፉርጎ ላይ የተጋደመ ሮኬት ለይቶ አየ። በዚያው ወር መጨረሻ በቸርችል ፊት በተደረገው ስብሰባ የአስተማሪውን ክርክር ነጥብ በነጥብ ተቃወመ። ያስተማሩት፣ ወደ ቸርችልም በር እንዲደርስ የረዱት እሳቸው ነበሩ። ለኛ፣ የመምህር ክብር ትልቅ ቦታ ላለው ሕዝብ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ ጆንስ አስተማሪውን አላዋረደም። ማስረጃውን ነው ያቀረበው። ሮኬቱ በመጨረሻ በአልኮልና በፈሳሽ ኦክስጅን የሚሄድ፣ ክብደቱ 12 ቶን ገደማ፣ ፈንጂው 1 ቶን የሚያህል ሆኖ ተገኘ። የፖላንድ አርበኞች የወደቀ ሮኬት ስብርባሪ ሸሽገው ወደ ለንደን በመላክ ለዚህ ዕውቀት ትልቅ አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ከፈረንሳይ የመጣ አንድ ዘገባም አለ። ዣኒ ሩሶ የምትባል በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የነበረች አስተርጓሚ የጀርመን መኮንኖች ስለ አዲሱ መሣሪያ ሲያወሩ፣ አላምንም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይኖርም እያለች ትከራከራቸው ነበር። እነሱም ሊያሳምኗት ብለው ይነግሯት ነበር። የሰማችውን ሁሉ በቃሏ ይዛ ለተቃውሞ ቡድኑ አቀበለች፤ ዘገባውም ጆንስ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። በ1944 ተይዛ ማጎሪያ ካምፕ ገባች፤ በሞትና በሕይወት መካከል ሆና ተረፈች።

በጁን 1944 ቪ አንድ የሚባሉት በራሪ ቦምቦች ለንደን ላይ መውደቅ ጀመሩ። ጀርመኖች ያነጣጠሩት በከተማዋ መሐል ነው፤ ቦምቦቹ ግን በአማካይ አጥረው በደቡብ ምሥራቅ ሰፈሮች ይወድቁ ነበር። ጀርመኖች የት እንደወደቁ የሚጠይቁት ለንደን ያሉ ሰላዮቻቸውን ነው፤ ሰላዮቹ ደግሞ በእንግሊዝ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ጆንስ አንድ ዘዴ አቀረበ። ቦታው ሲነገራቸው አልፈው የወደቁትን እንንገራቸው፤ ሰዓቱን ግን አጥረው የወደቁትን እንስጣቸው። ያኔ ቦምቡ አለፈ ብለው ርቀቱን የባሰ ያሳጥሩታል፤ ሕዝብ የበዛበት መሐል ከተማም ይተርፋል። ያ ማለት ቦምቦቹ በደለዊች አካባቢ መውደቃቸውን ይቀጥላሉ ማለት ነው። ወላጆቹ የሚኖሩት በዚያ ነው። የተማረበትም ትምህርት ቤት በዚያ ነው። ይህን እያወቀ ነው ሐሳቡን ያቀረበው፤ ወላጆቼም ሌላ እንዳደርግ አይፈልጉም ነበር ብሎ በመጽሐፉ ጽፏል። ከሚኒስትሮቹ አንዳንዶቹ፣ ማን ይሙት ማን ይትረፍ ብለን እኛ ልንወስን አይገባም ብለው ተቃውመዋል። እኔም ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሁለቱም ወገኖች ከልባቸው እንደተናገሩ ይሰማኛል። ፊዚክስ ቦምቡ የት እንደሚወድቅ ያሰላል፤ በማን ላይ ይውደቅ ለሚለው ግን ቀመር የለውም።

(ሙዚቃ)

ከጦርነቱ በኋላ ጆንስ በመረጃ ሥራው አደረጃጀት ስላልተስማማ በ1946 ወደ ስኮትላንድ ሄዶ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1952 ለአንድ ዓመት ያህል የሳይንስ መረጃ ኃላፊ ሆኖ ወደ ለንደን ተመልሶ ነበር፤ ከዚያ በቀር እስከ 1981 ሲያስተምርና እጅግ ጥቃቅን እንቅስቃሴዎችን የሚለኩ መሣሪያዎችን ሲሠራ ኖረ። የጦርነቱን ታሪክ የጻፈበት «ሞስት ሲክሬት ዎር» የተባለው መጽሐፉ በ1978 ታተመ። በ1993 የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በስሙ ሽልማት ሰይሞ የመጀመሪያው ተሸላሚ አደረገው፤ በዚያው ዓመት ዣኒ ሩሶም ከድርጅቱ ሜዳልያ ተቀበለች። ጆንስ በዲሴምበር 1997 በ86 ዓመቱ አረፈ።

ፊዚክስ፣ ሒሳብ ወይም ኬሚስትሪ እያጠናችሁ የምታዳምጡን ተማሪዎች፣ ይህን መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍትም ሆነ በስልካችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት። ስታነቡም ኤከርስሊ ስሌቱን በካደበት ከሰዓት በኋላና አውሮፕላኗ በተነሳችበት ሌሊት መካከል ያሉትን ገጾች በዝግታ ሂዱባቸው። ጆንስ በእነዚያ ሰዓታት ምን ማስረጃ በእጁ እንደነበረና ምን እንደጎደለው በወረቀት ላይ ለይታችሁ ጻፉ፤ እናንተ ብትሆኑ በረራውን ትልኩ ወይም ትሰርዙ እንደሆነም ከነምክንያታችሁ ጻፉልን። የተሻሉትን በሚቀጥለው ዝግጅት እናነባለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)